ጥብቅ ሣር ላይ ያረፈው አውሮፕላን

በዚያ ጠዋት ሜዳው ላይ የነበርነው እነዚህ ነን። የሣር ዳኛው፣ የሟቹ ባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ከዋርካው ሥር ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። የደብራችን ቄስ፣ የእኔም የነፍስ አባት፣ በስተቀኙ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ባለድርሻዎቹ፣ ሁሉም ወንዶች፣ ሣሩን ላለመርገጥ በሜዳው ዳር ዳር ተደርድረዋል። ሚሊሻው ጠመንጃውን አንግቶ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር የታሰረበትን ጠፍር ይጠብቃል። አብራሪው በክንፉ ጥላ ውስጥ ነው። እኔ ከሁሉም ኋላ፣ ከወሰኑ ድንጋይ አጠገብ ነበርሁ። ከእኔ በቀር ሴት አልነበረም፤ ሌሎቹ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ያያሉ።

ጉዳዩ አንድ ነበር፤ አውሮፕላኑ ይፈታል ወይስ እንደታሰረ ይቆያል።

ስለዚያ ቀን ብዙ ተወርቷል። ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ አንዲት ነጋዴ፣ እኔ መሆኔን ሳታውቅ፣ የእኔን ወሬ ለእኔው ነግራኛለች። ግዝት ያስጣሰች ባልቴት፤ በስተርጅናዋ ወንድ መሀል አፏን የከፈተች፤ ከአዲስ አበባ ለመጣ ጎረምሳ ብላ የላሟን ጉሮሮ የዘጋች። ሰምቼ፣ ሽንኩርቴን አስመዝኜ ሄድሁ። አንዱንም አላስተባብልም። የሆነውን ግን ራሴ እጽፈዋለሁ፤ ሁለተኛ ደረጃ የጨረስሁት ሌላው እንዲጽፍልኝ አይደለም።

መንደራችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ሜዳው ከመንደሩ በታች ነው፤ ረጅም፣ ልሙጥ፣ ድንጋይ የሌለበት። ልጅ ሳለሁ አውሮፕላን ያርፍበት ነበር። ሰውም፣ ፖስታም፣ አንዳንዴም ቅርጫት ሙሉ ዶሮ ይዞ ይመጣል። መኪና መንገዱ ሲሻሻል አውሮፕላኑ ቀረ፣ ሣሩ ተረፈ። ስሙ ግን እስከ ዛሬ አውሮፕላን ሜዳ ነው። አውሮፕላን ያላየ ልጅ ሁሉ ከብቱን አውሮፕላን ሜዳ አሰማርቼ መጣሁ ይላል።

ክረምት ሲገባ ሜዳው ይከለከላል። ቄሱ ይገዝታሉ፣ የሣር ዳኛ ይመረጣል፣ ጠባቂ ይቆማል። ከዚያ በኋላ እስከ ኅዳር ሚካኤል ከብትም ሰውም አይገባበትም። ከሚካኤል ማግስት ድርሻ በድርሻ ይታጨዳል፤ በጋውን ሙሉ ከብቶቻችን የሚያድሩት በዚያ ድርቆሽ ነው። ሕጉ አጭር ነው። ጥብቅ ሣር ውስጥ የተገኘ ከብት ይታሰራል፤ ባለቤቱ ዋስ ጠርቶ፣ ካሳ ተቆርጦበት ይፈታለታል። ጅብ አባሮት የገባ፣ ጎርፍ ገፍቶት የገባ ግን ግድ ሆኖበት ነውና በነፃ ይለቀቃል። ይህን ሕግ እወደዋለሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ድርሻዬን ያስከበረልኝ ይኸው ሕግ ነው እንጂ የማንም ደግነት አይደለም። ከሕጉ ጋር ተጣላች የሚሉኝ ይህን አያውቁም፣ ወይም አያውቁም መባል ይሻላቸዋል።

አውሮፕላኑ የመጣው ሚካኤል ሳይደርስ፣ ከቀትር በኋላ ነው። ያን ጊዜ መንገዱ ገና ሰላም ነበር። እኔ ደጄ ላይ በርበሬ አሰጣ ነበር። ድምፁ ከወደ ሽንዲ በኩል መጣ። ነጭ ነው፣ ትንሽ ነው፣ አንድ ሞተር ብቻ ያለው። ሜዳውን ዝቅ ብሎ ዞረና ወደ ላይኛው ጫፍ፣ ሣሩ ሳሳ ወዳለበት ወረደ። ዘለል ዘለል ብሎ ቆመ። ጎማዎቹ ከሣሩ ውስጥ ጠፉ።

የሣር ጠባቂዎቹ እየሮጡ ደረሱ። ሚሊሻው ካስማ ተክሎ የፊተኛውን ጎማ በጠፍር አሰረው፣ ልክ እንደ በሬ። አብራሪው ወርዶ ይህን ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ። "ነፋስ እንዳይገፋው እኔም ላስረው ነበር። ገመድ ካላችሁ ክንፎቹንም ብታስሩልኝ ደስ ይለኛል።"

ሰዎቹ ተያዩ። በዕድሜዬ ብዙ የታሰረ ከብት አይቻለሁ፤ ባለቤቱ "ጨምሩበት" ሲል ግን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ክንፎቹንም አሰሩለት።

ቤቴ ለሜዳው ቅርብ ስለሆነ እንግድነቱ በእኔ ላይ ወደቀ። "አስቸገርኩዎት፣ እማማ" እያለ፣ ጎንበስ ብሎ በሩን አልፎ ገባ። ሠላሳ ቢሆነው ነው። ለመስኖ የሚሆን መሬት ከላይ ፎቶ የሚያነሳ ድርጅት ውስጥ እንደሚሠራ ነገረኝ። ብቻውን ነበር። እግሩን ታጥቦ ቁጭ ሲል ጠየቅሁት።

"ምን ሆነህ ወረድህ?"

"ላርፍበት የነበረው ማረፊያ ተዘጋብኝ። አንድ አውሮፕላን ጎማው ፈንድቶ መንደርደሪያው መሀል ቁጭ ብሏል። እስኪነሳ ዙር አሉኝ፣ ዞርኩ። አሁንም ዙር አሉኝ። በመጨረሻ ተመለስ አሉኝ።"

"ነዳጁ አልቆብህ ነበራ።"

"አላለቀም። ግን ስመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት ሆነብኝ። እስከ ተነሳሁበት ድረስ ያደርሰኛል፤ ግን ከማይነካው ነክቼ ነው የምደርሰው።"

"የማይነካው ምንድነው?"

ጣቶቹን እየቆጠረ አስረዳኝ። ሲነሳ የመሄጃውን ነዳጅ ይይዛል። ያሰበው ቦታ ቢዘጋ ወደ ሌላ ቦታ የሚያደርሰውን ይይዛል። ከዚያ በላይ ደግሞ የማይነካ ይይዛል። ያ ነዳጅ እያለ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

"ነክቼው ብደርስ ማንም አያውቅብኝም ነበር" አለ። "ግን እዚያም ጉም ቢወርድስ? እዚያም የአንዱ ጎማ ቢፈነዳስ? ሜዳችሁን ሳይ፣ ገና በእጄ እያለ ልውረድ አልኩ።"

"የዘር እህል ነው በለኛ" አልሁት።

"ምን አሉኝ?"

"የማይነካው። ቢርብህም አትበላውም።"

ትንሽ አሰበና ሳቀ። "አስተማሪዬ እንዲህ ብሎ ቢነግረኝ ቶሎ ይገባኝ ነበር።"

በርበሬውን ለመሰብሰብ ወደ ደጅ ወጣሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከአዲስ አበባ ሲመለስ፣ ከዓባይ ወዲያ ማዶ፣ እቀዳበታለሁ ብሎ ካሰበው ማደያ ናፍጣ አጣ። የዓባይን ቁልቁለት ሞተር አጥፍቶ፣ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ ወርዶ፣ የቀረችውን ለዳገቱ ሊያውላት አሰበ። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ ነፋስ እያለቀ እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። ሁሉም ሾፌር ያውቃል፣ ሁሉም ያደርገው ነበር። ልጆቼ ትንንሾች ነበሩ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በማግስቱ ድርጅቱ ነዳጅ በጀሪካን ጭኖ መኪና ላከ። አብራሪው ክንፉ ላይ ወጥቶ፣ ምልክት የተቀረጸበት እንጨት ወደ ታንከሩ ሰደደና አወጣው። እንጨቱ ርጥብ ነበር። ጠባቂዎቹም አዩ፣ እኔም ከዳር ሆኜ አየሁ። ከዚያ አዲሱን ነዳጅ በወፍራም ጨርቅ እያጠለለ ሞላ። ሲጨርስ ከክንፉ ሥር በትንሽ ብርጭቆ ቀዳ፣ ውኃ እንዳልገባበት ወደ ፀሐይ አንስቶ ተመለከተ፣ ሣሩ ላይ ደፋው።

"ይኸውላችሁ!" አለ አንዱ ጠባቂ። "መርገጡ አንሶ መርዝ አፈሰሰበት። ካሳው ላይ ይጨመር።"

"የምን ካሳ?" አለ አብራሪው።

እኔ ነገርሁት። ጥብቅ ሣር መሆኑን፣ መታሰሩን፣ በማግስቱ ጠዋት ሸንጎ መጠራቱን። ካስማውን አየ፣ ጠፍሩን አየ፣ ሁለቱን ክንፎቹን አየ።

"ነገር ሲገባኝ ቆየ" አለ። "እኔ እኮ አመሰገንኳችሁ።"

"ሰምተናል" አለ ሚሊሻው። "ጥሩ እንግዳ ነህ።"

"በሬ መሰላችሁ እንዴ?"

"በሬማ ቢሆን የማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር።"

አብራሪው ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ፊቱን ወደ ምዕራብ አዞረ። ከአገው ምድር በኩል፣ ያለ ወሩ፣ ደመና እየተቆለለ ነበር። የሜዳው አፈር መረሬ፣ ጥቁር የሚያጣብቅ ጭቃ ነው። አንድ ጊዜ ከዘነበበት እንኳን አውሮፕላን ባዶ አህያ አያስኬድም፤ ጎማው ከሰጠመ በጋው እስኪጠና አይወጣም። ይህን ለማወቅ እሱም ጫማው ላይ የተጣበቀውን አፈር ማየት ይበቃው ነበር።

"እማማ፣ ነገ ከቀትር በፊት መነሳት አለብኝ" አለኝ። "ካልሆነ እዚሁ መቅረቱ ነው።"

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ሽማግሌዎቹ ከአጥሬ ማዶ ቆመው ሲከራከሩ እሰማ ነበር። ነገሩ ካሳው በምን ይቆጠር የሚል ነው።

"በሬ ነው የሚባለው።"

"በሬ ይበላል። ይሄ አልበላም፣ ረገጠ እንጂ።"

"እንግዲያ በቅሎ በሉት።"

"በቅሎ አራት እግር አላት። ይሄ ጎማው ሦስት ነው።"

"ሦስት ከሆነማ ከአህያም ያንሳል። አንካሳ አህያ ብላችሁ ቁረጡለት።"

ሳቁ። እኔም ብቻዬን ሳቅሁ፤ አልክድም። የአገሬ ሰው ክፉ አይደለም። ግን ሲስቁ የነበሩት ስለ ካሳው ልክ ነው። ይፈታ ይሆን ወይ የሚለውን ማንም አላነሳውም፤ ዋስ እስኪመጣ ታስሮ መቆየቱ የታወቀ ነገር ሆኖ ነበር።

እንግዲህ ጠዋት ሆነና መጀመሪያ እንዳልሁት ቆምን። ደመናው በሌሊት ቀርቦ አድሯል።

የሣር ዳኛው አነጋገሩ ለዘብ ያለ ነበር። "ልጄ፣ እንግዳ ነህ። ሕጋችንን አላወቅህም፤ ይህ ይገባናል። አንዲት ነገር ብቻ ንገረን። ነዳጅ አልቆብህ ነው የወረድኸው?"

ሁሉም አንገቱን አሰገገ። የጠየቀው ሊለቀው ስለፈለገ ነው፤ ይህን ስለ ባለቤቴ ወንድም ሳልጽፍ አላልፍም። ልጁ "አዎ" ቢል ግድ ሆኖበት ነው ይባላል፣ እንደ ጎርፍ ይቆጠርለታል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

"አላለቀም" አለ አብራሪው።

"ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር ማለትህ ነው?"

"አይ ጋሼ። ነበረኝ።"

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ሰው ሲደነግጥ ያለው የሌለ ይመስለዋል። ምናልባት ያን ጊዜ ያለቀ መስሎህ ይሆናል።"

"አልመሰለኝም፣ አባ። ለክቼ ነው የማበረው።"

"ኧረ አልቋል በልና ሂድ!" አለ አንዱ ከዳር። "ምን ይቸግርሃል?"

ሳቅ ሆነ። አብራሪው አልሳቀም። "ነዳጅ ጨርሶ የወረደ አብራሪ ሥራውን የማያውቅ ነው" አለ። "እኔ ሥራዬን አውቃለሁ። ያልሆንኩትን ነኝ ብዬ አልሄድም።"

"እንጨቱንም ርጥብ ሆኖ አይቻለሁ" ሲል አንዱ ጠባቂ መሰከረ።

የሣር ዳኛው ድንጋዩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። "እንግዲያማ በገዛ ፈቃድህ ገብተሃል። ዋስ ጥራ።"

"እዚህ ማን አለኝ? ድርጅቱ ደብዳቤ ይጽፍላችኋል።"

"ድርጅት ፊት የለውም። የምናውቀውን ሰው ጥራ። እስከዚያ አውሮፕላኑ እንደታሰረ ይቆያል።"

"ከዘነበ እኮ አይወጣም።"

"ዝናቡን እኛ አላመጣነውም፣ ልጄ።"

ያን ጊዜ ነው ከባለድርሻዎቹ አንዱ፣ የቡሬ እህል ነጋዴ ዘመድ የሆነው፣ የተናገረው። "ፈርቶ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው! ነዳጅ እያለው ወረደ። የእኛ ሾፌሮች እኮ በጠብታ ቡሬ ይገባሉ።"

ከወሰኑ ድንጋይ አጠገብ ተነሳሁ። ዱላዬን ድንጋዩ ላይ ተውሁት፤ ለምን እንደተውሁት አላውቅም። ባል የሌላት ሴት በእኛ ዘንድ በሸንጎ የምትናገረው በባሏ ወገን አፍ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የእኔንም ነገር ሁሉ የተናገረልኝ የባለቤቴ ወንድም ነው፤ በደንብም ይናገርልኝ ነበር።

"እታለም" አለ ሲያየኝ፣ ከድንጋዩ ብድግ ብሎ። "ነገር ካለዎት ይንገሩኝ፣ እኔ እናገርልዎታለሁ።"

"የዛሬውን አንተ ልትናገርልኝ አትችልም።"

"ምነው?"

"ባንተው ላይ ነዋ።"

አንድ ሁለቱ በጋቢያቸው ሥር ሲስቁ ሰማሁ። እሱ መልሶ ተቀመጠ። አልከለከለኝም።

"አንድ ነገር ልጠይቃችሁ" አልሁ። "ዘሩን ጎተራ ውስጥ አስቀምጦ ሐምሌን የተራበ ከእናንተ መሀል የለም?"

የሁሉንም ቤት አውቀዋለሁ።

"ያኔ እህል ልትበደሩ ስትመጡ፣ ጎተራህ ውስጥ ዘር እያለህ አልተራብህም ብሎ የመለሳችሁ አለ?"

"ዘር ሌላ ነው" አለ አንድ ሽማግሌ።

"እንዴት ሌላ ነው?"

"ዘር ዘር ነዋ። እህል ተብሎ አይቆጠርም።"

"ለዚህም ልጅ የቀረው ዘሩ ነው። የመሄጃው ነዳጅ አልቆበታል። የመመለሻውም አልቆበታል። እናንተ ርጥብ እንጨት አይታችሁ ነበረው ትላላችሁ።"

"ነዳጅና ጤፍ አንድ ነው እንዴ፣ እታለም?" አለ የሣር ዳኛው።

"አንድ አይደለም። ዘርህን ብትበላ ለከርሞ ትራባለህ። እሱ ያንን ቢነካ ለከርሞም አይደርስ።"

"ፈርቶ ነው" አለ ያ ሰውዬ እንደገና።

ወደ እሱ ዞርሁ። "አዎ፣ ፈርቷል። የሚፈራ ሰው ማታ ቤቱ ይገባል። ባዶ አድርጎ የወደቀ ቢሆን ስታዝኑለት፣ ከንፈር ስትመጡለት ትውሉ ነበር። ምን ይደረግ፣ ግድ ሆኖበት ነው ትሉ ነበር። ሳያልቅበት የቆመውን ግን ዋስ ጥራ አላችሁት። ይህ ሕግ ከሆነ፣ እኔ የማውቀው የአባቶቻችን ሕግ አይደለም።"

ከዚያ በኋላ ያልሁትን ልል አላሰብሁም ነበር። ብያለሁና እጽፈዋለሁ። የሣር ዳኛውን እያየሁ፣ ድምፄን ሳላነሳ ነው ያልሁት።

"ወንድምህ ያን ቀን ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቢቆም ኖሮ፣ ታንከሩ ውስጥ ናፍጣ ነበረው። መኪናውን ከሰው ጥብቅ ሣር ውስጥ አስገብቶ ቢያድር፣ ዋስ ጥራ ትለው ነበር?"

ከአጥሩ ማዶ ያሉት ሴቶች ወደ አጥሩ ተጠጉ። የባለቤቴ ወንድም መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ስለ ወንድሙ እኔና እሱ በሰው ፊት ተነጋግረን አናውቅም፤ ለብቻችንም ብዙ አልተነጋገርንም።

"እዚህ የተቀመጥሁት ዳኛ ሆኜ ነው፣ እታለም" አለ በመጨረሻ።

"አውቃለሁ። የጠየቅሁትም ዳኛውን ነው።"

ቄሱ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። "ግዝቱን የገዘትሁት እኔ ነኝ" አሉ። "ግዝት ግድ የሆነበትን አይዝም። ይህ ልጅ ግድ ሆኖበታል ብል ውሸት አይሆንብኝም።"

"ነፍሱን እርስዎ ፈቱለት፣ አባ" አለ የሣር ዳኛው። "ሣሩን ማን ይፈታልኛል? ዛሬ ዘር ነው ብለን ብንለቅ፣ ለከርሞ ሁሉም በሬውን እየነዳ ያስገባና ዘር ነው ይለኛል። ካሳ መቅረት የለበትም። ለካሳው ደግሞ ዋስ ያስፈልጋል።"

እዚህ ላይ እውነቱን ነበር። ሕጉ ከላላ መጀመሪያ የሚረገጠው የማን ድርሻ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

"ዋሱ እኔ ነኝ" አልሁ።

"ሴት ዋስ ሆና አታውቅም።"

"ድርሻዬ እዚህ ሜዳ ውስጥ አለ ወይስ የለም?"

"አለ።"

"ከሌላው ያጠረ ነው?"

"አይደለም።"

"የሚበቅልበት ሴት ሣር ነው?"

ሳቁ። ያ ሽማግሌም ሳቀ። የሣር ዳኛው ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቀ። "ሳቁ ይብቃ። እታለም፣ በደንብ ይስሙኝ። ዋስ ከሆኑ፣ ካሳው የቀረ እንደሆነ ድርሻዎ ይታጨድብዎታል። ያን ጊዜ ዳኛ እንጂ ወንድም የለዎትም።"

"ካሳው መጣ ቀረ እያልሁ የሰው እጅ ሳይ አልከርምም። ድርሻዬን ዘንድሮ እጨዱት። ተከፈለ። አሁን ፍቱት።"

"እማማ፣ ይሄማ አይሆንም" አለ አብራሪው ከክንፉ ሥር እየወጣ። "ድርጅቱ ይከፍላል፣ እኔ ራሴ…"

"አንተ ሰማዩን ተመልከት" አልሁት።

የፈታው ሰው አልነበረም። ሚሊሻው የሣር ዳኛውን ያያል፣ የሣር ዳኛው ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ ነው፣ አይሆንምም አላለም፣ ይሁንም አላለም። ባለድርሻዎቹ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። እኔ የምጠብቀው ሰው ስላልነበረኝ፣ ተሻግሬ ጥብቅ ሣሩ ውስጥ ገባሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከሚካኤል በፊት እግሬ ነክቶት አያውቅም ነበር። ጤዛው ቀሚሴን እስከ ጉልበቴ አራሰው። ጠፍሩም ጤዛ ጠጥቶ ቋጠሮው ጠብቋል። ጎንበስ ብዬ ፈታሁት፤ ጊዜ ወሰደብኝ። ሚሊሻው ከጎኔ ቆሞ ነበር። ጠመንጃውን ወደ ሌላኛው ትከሻው አዛውሮ ፊቱን መለሰ። በእሱ ቤት መከልከሉም አለመከልከሉም ነበር ይህ።

አብራሪው የክንፎቹን ገመድ ፈታ። ከዚያ፣ ሰው ሁሉ እየቸኮለለት፣ እሱ አልቸኮለም። ከክንፉ ሥር በብርጭቆው ቀዳ፣ ወደ ሰማይ አንስቶ አየ። ሊደፋ ሲል ቆመና ዙሪያውን ተመለከተ። የቲማቲም ጣሳ ከቤቴ አምጥቼለት ነበር፤ እሱ ውስጥ ጨመረው። የመጣበትን የጎማ ፋና ተከትሎ እስከ ጫፍ በእግሩ ሄዶ ተመለሰ። እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥሁት። የሚለው ነገር ነበረው፤ እኔ ግን ወደ ዳር ሄድሁ፣ አልሰማሁትም።

ሞተሩ ሲነሳ ሣሩ ወደ ኋላ ተኛ፣ ጋቢዎቹም ተገለቡ። በመጣበት ፋና ላይ እየዘለለ ሄደ። አንድ ጊዜ ወደ መሬቱ መልሶ ወረደ፤ ከኋላዬ አንዱ "ኧረ በእመብርሃን" ሲል ሰማሁ፣ ያ "ፈርቶ ነው" ያለው ሰውዬ ነበር። ከዚያ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ሆነ። ደመናውን በስተግራ ትቶ ወደ አዴት አቅጣጫ ዞረ። ድምፁ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

ባለድርሻዎቹ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ተበተኑ። ቄሱ ቡራኬ ሰጥተውኝ ወደ ደብሩ አዘገሙ። የባለቤቴ ወንድም ከዋርካው ሥር ከድንጋዩ አልተነሳም። ጠፍሩን ጠቅልዬ ይዤ ሄድሁና ከአጠገቡ አስቀመጥሁት።

"እታለም" አለ፣ ወደ ላይ ሳያየኝ። "ላምዎ በጋውን ምን ልትበላ ነው?"

ዱላዬን ከወሰኑ ድንጋይ ላይ አንስቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።